ከፋዞግሊ እስከ ጉባ፤ የታችኛው ዓባይ የውኃ ዳር ወፎች መዝገብ ታሪክ

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ በአሶሳና በአካባቢው ስለሚገኙ የውኃ ዳር ወፎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ በጠየቀ ጊዜ፣ ይህ ጸሐፊ የሰጠው መልስ «የትኛው ውኃ? የትኛውስ ዳር?» የሚል ነበር። ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ አልነበረም። በአውሮፓ ወፍ መመልከትን ልማድ ያደረጉ ሰዎች ብርቅ የሆኑ ዝዮችንና ጭቃ ለቃሚ ወፎችን ለማየት በብርዱ ወራት ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳሉ። አሶሳ ግን ባሕር ይቅርና ስሙ የተጠራ ሐይቅ እንኳ በአቅራቢያዋ ያልነበራት ከተማ ናት።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያቆመው ውኃ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ወደ ላይም 246 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ስፋቱ ከጣና እኩሌታ ይበልጣል። ጠረፍ ያልነበረው አገር ጠረፍ አግኝቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው ከሐይቁ በፊት በነበረው ዳርቻ፣ ይኸውም በዓባይ አሸዋ ላይ ነው። በዚያ አሸዋ ላይ የሚኖሩትን ወፎች ማን አያቸው? ማንስ ሳያያቸው አለፈ? ስለምን? ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ዓባይ በድንበሩ ላይ እስከ 500 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ከደቡብ የሚመጣው የዳቡስ ወንዝ ዓባይን ከመቀላቀሉ በፊት ሰፊ ረግረግ ይሠራል፤ ከመተከል ወገን ደግሞ በለስ ይገባል። ዝናቡ በጥቅምት ሲያባራ ወንዙ ቀስ በቀስ ይጎድልና በበጋው ወራት ጥልቅ በሆነው ሸለቆ ውስጥ የአሸዋ ደሴቶች ብቅ ይላሉ። የበርታና የጉሙዝ ሰዎች በዚህ ወቅት ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። እንግዲህ አሸዋውንና ወፎቹን ከማንም በፊት የሚያውቁት እነዚህ ወርቅ አጣቢዎች ናቸው። ዕውቀታቸው ግን በጽሑፍ አልሰፈረም፤ መዝገብ የምንለው ሁሉ የተጀመረው ከውጭ በመጡ ሰዎች ነው።

ከውጭ የመጡት ሰዎች የገቡባቸው በሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከቀይ ባሕር በምጽዋ በኩል ወደ ደጋው የሚያስገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚህ በር ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል ንስር ወርቅን፣ እርኩምንና ሌሎችንም ወፎች በአገርኛ ስማቸው ገልጿል። ወደ ግብፅ ሲመለስ ግን ከጎንደር በመተማ አድርጎ ወደ ሰናር ስለ ሄደ፣ የዛሬውን የቤኒሻንጉል ምድር በስተሰሜን ትቶት አልፏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1831 ጀምሮ በሰሜንና በጎንደር ሲዘዋወር ብዙ ወፎችን ሰብስቧል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማትገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ያስተዋወቃት እርሱ ነው። የአገራችን ዝይ ተብላ የምትታወቀው ወፍ የደጋ ወፍ መሆኗ ራሱ የተመልካቹን ሁሉ ዓይን ወደ ደጋ እንዲያዘነብል አድርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው በር ከግብፅ በሰናር በኩል ሽቅብ የሚመጣው ነው፤ በዚህ በር የገቡት የተከተሉት ወርቅን ነበር። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ የመሐመድ ዓሊን ልጅ የኢስማኢልን ጦር ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1822 መጀመሪያ ፋዞግሊን አልፎ ወደ ቤኒሻንጉል ጠርዝ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1837 እና በ1838 ኦስትሪያዊው የማዕድን ሊቅ ዮዜፍ ሩሴገር ስለ ወርቁ እንዲያጠና ወደዚያው ተልኮ መጣ፤ አብሮት የነበረው ቴዎዶር ኮትሺ ግን ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። ከዚያም መሐመድ ዓሊ ራሱ፣ ያ ሁሉ እርጅና ሳያግደው፣ ወርቁን ለማየት እስከ ፋዞግሊ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1870 ኤርንስት ማርኖ እስከ ፋዳሲ ዘለቀ፤ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ደግሞ ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኩቨር በበርታ አገር ተዘዋውሮ ካርታ አነሣ። ይህ ወጣት ከሁሉም ይልቅ አካባቢውን በቅርብ ያየ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1883 በባሕር ኤል ገዛል ተገደለ።

እንግዲህ አንባቢ ካርታ ዘርግቶ የእነዚህን ሰዎች መንገድ በእርሳስ ቢከተል የሚያየው ነገር ግልጽ ነው። ከደጋው የመጡት ሸለቆው አፋፍ ላይ ይቆማሉ። ከሰናር የመጡት ፋዞግሊ ሲደርሱ ወንዙን ትተው ወደ ወርቁ ኮረብታ፣ ወደ ቤኒሻንጉልና ወደ ፋዳሲ ይታጠፋሉ። በሁለቱ መካከል ዓባይ በሸለቆው ውስጥ ብቻውን ይፈሳል። ወንዙ የተተወበት ምክንያት ወፍ ስላልነበረበት አይደለም፤ ወባው፣ ሙቀቱና ገደሉ መንገደኛን ይከለክሉ ስለነበረ ነው። በዚያ ላይ ወርቅ ፈላጊ ከመንገዱ ወጥቶ ወፍ የሚቆጥርበት ጊዜ የለውም። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች በትልልቅ ጥራዞች የደነገገው ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን እንኳ ሥራውን እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1875 ባለው ጊዜ ሲያሳትም በአገራችን ውስጥ የተመላለሰው በደጋው መንገድ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ባካሄዱት ዘመቻ ቤኒሻንጉል በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ ድንበሩን ከመወሰን አልፎ ስለ ዓባይ ውኃ የሚናገር አንቀጽ ነበረው። ከዚህ በኋላ ወንዙ የወርቅ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የውኃ ጉዳይ ሆነ። ወደ ወንዙ የሚመጣውም ሰው ወርቅ መዛኙ ቀርቶ ውኃ ለኪው ሆነ።

ከውኃ ለኪዎቹ መካከል ለጉዳያችን ዋነኛው ሻለቃ ሮበርት ኤርነስት ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ይታይ የነበረውን የዓባይን አካሄድ በበቅሎና በእግር ተከትሎ አነሣ። በ1928 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. በ1936) ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሰውየው በሙያው ፍቅር የወፍ ተመራማሪ መሆኑን ነው። በምዕራብ ሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን ወፎች ከስክሌተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 «አይቢስ» በተባለው የእንግሊዝ የወፎች ጥናት መጽሔት ላይ አውጥቷል። ለዚያ የአገሪቱ ክፍል መሠረት የሆነው መዝገብ ይኸው ነው። ቢሆንም ቺዝማን የተጓዘው ባብዛኛው በሸለቆው አፋፍ ላይ ሲሆን ወደ ወንዙ የሚወርደው መልካ ባለበት ቦታ ነበር። መልካ ደግሞ ሰውና ከብት የሚበዛበት የወንዙ ክፍል ነው።

ሌላውን ጉዞ መጥቀስ የሚያስፈልገው ስለ ወቅት ለማስረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች ጓድ ዓባይን በጀልባ ወረደ። በጓዱ ውስጥ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩበት። ጉዞው ግን የተደረገው በነሐሴና በመስከረም ነበር፤ ጀልባ በድንጋዩ ላይ ለማለፍ ሙላት ያስፈልገዋልና። በነሐሴ የዓባይ አሸዋ በውኃ ሥር ነው። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ በመሐል ወንዝ የማለፍ ዕድል ያገኙት ሰዎች ያለፉት የአሸዋው ወፎች ሌላ ቦታ በሚገኙበት ወራት ሆነ። ይህ ትችት አይደለም፤ በደረቁ ወራት ቢመጡ ኖሮ ጀልባቸው አያልፍም ነበር።

እዚህ ላይ የአሸዋዋን ወፍ ማስተዋወቅ ይገባል። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከግብፅ በመጣው መግለጫ መሠረት ስም ስላወጣላት ፕሉቪያኑስ ኤጂፕቲዩስ ትባላለች፤ በተራ አነጋገር «የአዞ ወፍ» የሚሏትም አሉ። መጠኗ ከርግብ ታንሳለች። ራሷና ጀርባዋ ጥቁር፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ክንፏ አመድማ፣ ደረቷ የብርቱካን ዓይነት ቀለም ያለው ሆኖ በአንገቷ ሥር ጥቁር ድሪ ታሥሯል። ሄሮዶቱስ በአዞ አፍ ገብታ አልቅት ትለቅማለች ብሎ የተረከላት ወፍ እርሷ ናት እየተባለ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጽፏል። የስሟ ነገር ግን የሚያስገርም ነው። የግብፅ ተብላ የተጠራችው ወፍ ዛሬ በግብፅ አትራባም፤ ከዚያ ጠፍታለች። የምትኖረው ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ምዕራብ ድረስ በትልልቅ ወንዞች አሸዋ ላይ ነው።

ስለዚህች ወፍ ከሁሉ የላቀው ጥናት የተደረገው በአገራችን፣ ከአሶሳ በስተደቡብ በምትገኘው በጋምቤላ ነው። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፕሮፌሰር ቶማስ ሆወል እ.ኤ.አ. በ1977 በባሮ ወንዝ የአሸዋ ደሴቶች ላይ ተቀምጦ ወፊቱን ከቅርብ ተመለከተ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰዎች ወፊቱ እንቁላሏን በአሸዋ ቀብራ ለፀሐይ ትታው ትሄዳለች ይሉ ነበር። ሆወል ያየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። እናትና አባት እንቁላሉን በስስ አሸዋ ይሸፍኑታል፤ ሌሊትና ማለዳ ይታቀፉታል። ቀትር ላይ አሸዋው እንቁላል የሚቀቅል ሙቀት ላይ ሲደርስ ወደ ወንዙ ሮጠው የሆዳቸውን ላባ በውኃ ያርሱና ተመልሰው ይቀመጡበታል፤ እርጥበቱ አሸዋውን ያቀዘቅዛል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ነገሩ አይቆምም፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ በአሸዋው ላይ ይጋደማሉ፣ ወላጆቹም አሸዋ አልብሰው ይሠውሯቸዋል፤ በውኃም ያረጥቧቸዋል። የአዞን ጥርስ ስለ ማጽዳት የሚነገረው ግን በዚያ ሁሉ ክትትል አልታየም።

ለሙያ ባልደረቦቼ የዚህ ጥናት ዋና ቁም ነገር በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ይህች ወፍ ለመራባት ሁለት ነገር በአንድነት ያስፈልጓታል፤ በበጋ የሚገለጥ አሸዋና ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቅ ውኃ። ጎጆዋ የሚሠራው ወንዙ እጅግ በጎደለበት ወቅት ነው። ውኃው በዚያ ወቅት ቢነሣ እንቁላሉ ይሰጥማል፤ አሸዋው ጨርሶ ባይገለጥ ደግሞ ጎጆ የለም። በዓባይ ሥርዓት ውስጥ ወፊቱ ከታች በሱዳን፣ ከላይ ደግሞ በሸዋው በጀማ ወንዝ የታወቀች ስትሆን፣ በመካከል ያለው ረጅም ወንዝ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ የሚያልፈው ነው።

ሆወል በጋምቤላ በተቀመጠበት ዘመን የአገራችን የወፍ ዕውቀት በአዲስ አበባ ዙሪያ እየተደራጀ ነበር። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ፤ መጽሔቱንም «ዋሊያ» አለው። በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። ጆን አሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአገሪቱ ሲሠራ እጅግ ብዙ ወፎችን ቀለበት አሠረ፤ ከጆን አትኪንስ ጋር ያዘጋጀው የሥርጭት አትላስ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። አትላሱን የገለጠ ሁሉ እንደሚያስተውለው፣ ስምጥ ሸለቆውና መካከለኛው ደጋ በምልክት ተሞልተው ምዕራቡ የሳሳ ነው። ይህ ሳሳነት የወፎቹን ቁጥር አያሳይም፤ የተመልካቹን መንገድ እንጂ። አስፋልት በሚሄድበት ወፍ ይበዛል፤ ይህ በሙያችን ዘንድ የቆየ ቀልድ ነው።

ድንበርነትም የራሱን አስተዋፅኦ አድርጓል። አሶሳ የወለጋ፣ መተከል የጎጃም ጠርዝ ሆነው ለብዙ ዘመን ቆዩ፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንድ ክልል እስከ ሆኑ ድረስ ስለ ወንዙ ሁለቱን ዳሮች በአንድ ዓይን የሚያይ የአስተዳደር አካል አልነበረም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያ ተቀመጡ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በከማሺና በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ወፍ ቆጠራ የሚያነሣ ሰው አይገኝም፤ ሊገኝም አይገባም።

ውኃው ራሱ ግን ሲለካ ኖሯል። የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ባካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት በዋናው ወንዝ ላይ አራት የግድብ ቦታዎችን ጠቁሞ ነበር፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና «ድንበር» የተባሉትን። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የሮሴሬስን ግድብ ፈጸመች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከፍታውን ጨመረች። በእኛ ወገን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ያረፈው «ድንበር» በተባለው ቦታ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ሙሌት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ተከናወነ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ፈለቀ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። የሚይዘው ውኃ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ነው። በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ተነሥተው በሌላ ቦታ ሠፍረዋል፤ ወርቅ ይታጠብበት የነበረው የሸለቆው አሸዋም ከሐይቁ ሥር ሆኗል።

ይህን ያነበበ ሰው ግድብ የወፍ ጠላት ነው ብሎ እንዳይደመድም የሌሎቹን ግድቦቻችንን ታሪክ ማንሣት ተገቢ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ከአዲስ አበባ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ገፈርሳ ነው፤ ገፈርሳ ደግሞ ለከተማይቱ የመጠጥ ውኃ ተብሎ የተገደበ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ገሊላ ሐይቅን ፈጠረ፤ ዛሬ በአገሪቱ ታላላቅ የወፍ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛል። በዚያው በዓባይ ተፋሰስ ያለው የፊንጫ ግድብ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር የጮመንን ረግረግ አሰጠመው፤ የረግረጉ ሣር ከነሥሩ ተገንጥሎ እንደ ደሴት በውኃው ላይ ይንሳፈፍ ጀመር። ፊንጫና ጮመን አሁንም በዚያው መዝገብ ውስጥ አሉ። ግድብ አንዱን ወፍ ያስወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፤ ማን እንደ ወጣ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ማን እንደ ነበረ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። በጉባ የሌለን ይህ ነው።

አዲሱ ሐይቅ ሲሞላ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል። ሙላቱ በክረምቱ መጨረሻ ሆኖ በበጋው ተርባይኖቹ ሲሠሩ ይጎድላል። ገደል በሆነው ዳርቻ ይህ ጉድለት ድንጋይ ብቻ ያሳያል፤ ዝቅተኛና ለጥ ያለ ዳርቻ ባለበት፣ ለምሳሌ በበለስ ወገን፣ እርጥብ ጭቃ ይገልጣል። ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጡት ጭቃ ለቃሚ ወፎች በአገራችን የሚቆዩት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ የጭቃው መገለጥና የእነርሱ መምጣት ይገጣጠማል። በክንፏ መታጠፊያ ላይ ሹል አጥንት ያላት የአፍሪካ ትልቋ ዝይና የግብፅ ዝይም እንዲህ ያለውን ዳርቻ የሚወዱ ናቸው። የአሸዋዋ ወፍ ግን የሚፈስ ወንዝ ወፍ ናት፤ እርሷን ከሐይቁ ራስ በላይ፣ ዓባይ ገና ወንዝ በሆነበት፣ እንዲሁም በገባሮቹ አሸዋ ላይ መፈለግ ይገባል።

ቆጠራው የሚጀመርበት መሠረት አለ። የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የታላላቅ የወፍ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የዳቡስ ሸለቆ ገብቷል፤ ረግረጉንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከነቀምት ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ ዳቡስን በድልድይ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በመላው አፍሪካ የሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ በጥር ወር ይካሄዳል። ለዝዮቹና ለእንግዶቹ ወፎች ጥር የተመቸ ነው፤ ሐይቁ ግን በጥር ገና ከፍ ያለ ስለሆነ የዳርቻው ጭቃ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚታየው። ለአሸዋዋ ወፍ የሚስማማው መጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ ወርቅ አጣቢዎቹም በገባሮቹ አሸዋ ላይ ይገኛሉ። በአሶሳ የሚሠሩ የማኅበራችን አባላት በየካቲት መጨረሻ ከበርታ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው፣ ሁለት ጥሩ መነጽርና አንድ መስመር ያለው ደብተር ይዘው ወደ ዳቡስ አሸዋ ቢወርዱ፣ የወፊቱን ስም በበርታኛና በጉሙዝኛ ከመጻፍ ሊጀምሩ ይችላሉ።